የባሕር ዓሣ በደጋ፦ አዲስ የገባ ዓሣ መቅበዝበዝ በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋና የባሕር ዓሣ የሚተዋወቁ አይመስሉም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ብርዷ የታወቀ ከተማ ናት። ቢሆንም በመስተዋት ገንዳ፣ ለዚሁ ተብሎ በተቀመመ ጨውና በኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሞቃት ባሕር ዓሣ ሳሎን ውስጥ ማኖር ይቻላል። (ተራ የገበያ ጨው አይሆንም፤ ባሕር ውስጥ ያለው ማግኒዥየምና ካልሲየም ይጎድለዋል።) ከባዱ ነገር ገንዳውን ማቆም ሳይሆን አዲሱ እንግዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያሳየውን ጠባይ ማንበብ ነው። ዓሣ አይጮኽ፣ አያቃስት።

ነገሩ የሚጀምረው ከገላው ነው። የባሕር ዓሣ ውኃ ውስጥ እየኖረ የሚጠማ ፍጥረት ነው። የባሕሩ ጨው በሰውነቱ ካለው ስለሚበልጥ ውኃው ሳያቋርጥ ከገላው ይወጣል፤ ለመተካት ባሕሩን ይጠጣል፤ የተረፈውን ጨው በአብዛኛው በስንጥቡ፣ በሚተነፍስበት አካሉ፣ በኩል ያስወጣል። ሲደነግጥ እንደ ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖች ይነሡበታል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ በስንጥቡ የሚያልፈው ደምም ይበዛል። ብዙ ኦክስጅን ለማግኘት በከፈተው በር ውኃው ደግሞ ያመልጠዋል። የተጨነቀ ዓሣ እንግዲህ እየደረቀም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት ስንጥቡ ነው፤ ቀለምና ክንፍ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። ሰዓት ይዞ የስንጥቡ ክዳን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ መቁጠር፣ ማታም ደግሞ ቆጥሮ ማወዳደር ነው። ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደ፣ ዓሣው ድንጋይ ሥር ቢደበቅም የሚያሰጋ ነገር የለም። ሁለት ሦስት ቀን መደበቅና ምግብ አለመንካት ለጤነኛ እንግዳ ያለ ነው። እየጨመረ ከሄደ ወይም ዓሣው ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ አፉን ከከፈተ ግን አየር አንሶታል፣ አለዚያም ስንጥቡ ተጎድቷል።

ደጋው ላይ አየር ማነሱ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውኃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ከዚያ ሰባ በመቶ ገደማ ስለሆነ ያው ውኃ ከ5 ሚሊ ግራም በታች ነው የሚይዘው። ለጠረፍ የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግርም። መፍትሔው የውኃውን ገጽ አጥብቆ የሚያናውጥ ፓምፕና ጥቂት ዓሣ ነው። የጣርማበርን ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ችግሩ መልኩን ይለውጣል፤ ግፊቱ ይሻላል፣ ሙቀቱ ግን ገንዳውን ያሞቀዋል፤ የሞቀ ውኃ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን አይዝም።

መንገዱም የራሱ ዕዳ አለው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በሸኖና በጫጫ በኩል የመጣ ፌስታል ሲደርስ እንደ ፊኛ ተወጥሮ ይገኛል፤ ከፍታው ሲጨምር ውስጡ ያለው አየር ስለሚነፋ ነው። እዚያ ውስጥ ዓሣው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን ወደ አሲድነት ያዘነብለዋል፤ ይህም የተጠራቀመውን አሞኒያ ያለዝበዋል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ አሞኒያውም ወደ መርዛማ መልኩ ይመለሳል። ሳይከፈት ገንዳው ላይ አንሳፍፎ ለሩብ ሰዓት ሙቀቱን ማመጣጠን ጥሩ ነው። ከከፈቱ በኋላ ግን ለሰዓታት የገንዳውን ውኃ ወደ ፌስታሉ ጠብ ጠብ ማድረግ፣ በተለይ ረጅም መንገድ ለመጣ ዓሣ፣ ደግነት አይደለም። የገንዳውን ጨዋማነት አስቀድሞ ከፌስታሉ ጋር ማስተካከል ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጠባይ እንደ ዓሣው ዘር ይለያያል። ጅራቱ ሥር ምላጭ የመሰለ እሾህ ያለው ሰርጀንፊሽ መስተዋቱን ታኮ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ፣ የራሱን ምስል ጠላት አድርጎት ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ካኪ ወረቀት ለጥፎ ማየት ነው። ክላውንፊሽ ከሚበልጠው ፊት ሲንቀጠቀጥ በሽታ አይደለም፣ እጅ መንሳቱ ነው። ገላውን ደጋግሞ ከድንጋይ ጋር የሚፈትግ፣ ከዚያም እንደ ጨው ፍንጣቂ ያለ ነጭ ነጥብ የሚያወጣ ግን ክሪፕቶካርዮን በተባለ ጥገኛ ተሐዋሲ ሳይያዝ አልቀረም። አዲስ ዓሣን ቢያንስ ለአንድ ወር በሌላ ገንዳ ለብቻው ማቆየት የሚመከረውም ለዚህ ነው።

በእንግሊዝኛ ራስ (wrasse) የሚባሉ ዓሦችም አሉ፤ ከማዕረጉ ጋር ዝምድና የላቸውም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሲፈሩ አሸዋ ውስጥ ይቀበራሉ፤ አዲስ ሲገቡ ለቀናት ላይወጡም ይችላሉ። ባለቤቱ ሞቷል ብሎ አሸዋውን ይቆፍራል፤ ዓሣው እንደገና ይደነግጣል፤ ከሥር የተኛው ቆሻሻም ተነሥቶ ውኃውን ያበላሻል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የተባለው ለእንዲህ ያለው ይመስለኛል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑም ማሞቂያውም አብረው ይቆማሉ። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ሳሎኑን ሲያቀዘቅዘው የገንዳውን ጎኖች በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ መጠቅለል ሙቀቱን ያቆያል። አናቱን ግን መሸፈን አይገባም፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌለም ውኃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ማፍሰስ ነው፣ መብራቱ እስኪመጣ።