የሶቪየት ኅብረት ዋንጫ ምንድን ነው?

«የሩሲያን ዋንጫ ዘጠኝ ጊዜ ያነሳው የዩክሬኑ ዲናሞ ኪየቭ» የሚል ትንታኔ ሰሞኑን እንደገና ጆሮዬ ገባ። ተንታኙ ዘጠኙን በትክክል ቆጥሯል፤ ዋንጫውን ግን ለማይመለከተው አገር ሰጥቶታል። ዲናሞ ኪየቭ የሩሲያን ዋንጫ አንድም ጊዜ አላነሳም፤ ተወዳድሮበትም አያውቅም። ያነሳው የሶቪየት ኅብረትን ዋንጫ ነው፤ እሱም ወራሽ ሳይተው ከአገሩ ጋር የተቀበረ የእግር ኳስ ክለቦች የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው።

ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያውን ፍጻሜ ሎኮሞቲቭ ሞስኮ ዲናሞ ትብሊሲን 2 ለ 0 አሸንፎ ወሰደ። ልብ በሉ፤ ገና ከመነሻው ከሁለቱ የፍጻሜ ተፋላሚዎች አንዱ የጆርጂያ ክለብ ነበር። ከዚያ እስከ 1992 ድረስ 51 ጊዜ ተካሂዷል። ዓመታቱን ብቻ የሚቆጥር ሰው ከዚህ የበለጠ ያገኛል፤ ምክንያቱም በጦርነቱ ወቅት ተቋርጧል፣ በ1956 አልተደረገም፣ የ1959 እና የ1960ው ደግሞ ሁለት ዓመት የዘለቀ አንድ ውድድር ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ከ51ዱ ዋንጫ 31ዱን የሩሲያ፣ 16ቱን የዩክሬን፣ ሁለቱን የጆርጂያ፣ ሁለቱን የአርሜንያ ክለቦች ወስደዋል። «የሩሲያ ዋንጫ» ያለ ሰው በአንድ ትንፋሽ 20 ድል ከባለቤቶቹ ነጥቋል ማለት ነው። ከሩሲያዎቹም 29ኙ የሞስኮ ክለቦች ናቸው፤ ከዋና ከተማዋ ውጭ ያሸነፉት በ1944 ዜኒት ሌኒንግራድ እና በ1981 ኤስካ ሮስቶቭ ብቻ ናቸው። (ሮስቶቮች ዋንጫውን ባነሱበት በዚያው ዓመት ከከፍተኛው ሊግ ወርደዋል፤ ለሌላ ቀን የሚሆን ጉድ ነው።) ተንታኙ «የሞስኮ ዋንጫ» ቢል ኖሮ ይልቅ ለእውነቱ በቀረበ።

ፍጻሜው እንደ ልማድ ሞስኮ ላይ ስለሚደረግ፣ ከሌሎቹ ሪፐብሊኮች የሚመጡት ሁልጊዜም እንግዶች ነበሩ። በ1969 የዩክሬኗ ከተማ የሊቪቭ ክለብ ካርፓቲ ከሁለተኛው እርከን ተነሥቶ ኤስካ ሮስቶቭን 2 ለ 1 ረታ፤ ከከፍተኛው ሊግ ውጭ ሆኖ ዋንጫውን የወሰደ ሌላ ክለብ የለም። በ1973 የየሬቫኑ አራራት መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ሌቮን ኢሽቶያን ባስቆጠራት ጎል ከዲናሞ ኪየቭ ጋር አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓትም ያው ኢሽቶያን ደገመና 2 ለ 1 አሸነፈ። አራራት በዚያው ዓመት የሊጉንም ሻምፒዮንነት ደርቦ ወሰደ። አርሜንያዊ ፊት ቆሞ ይህን «የሩሲያ ዋንጫ» የሚል ሰው ይሞክረው።

«ፊፋ ራሱ ሩሲያን የሶቪየት ኅብረት ወራሽ አድርጎ የለም ወይ?» የሚል ሙግት ይመጣል። አድርጓል፤ የብሔራዊ ቡድኑን መዝገብ። አባት ሞቶ 15 ልጆች ቀሩ እንበል። ታላቁ የቤቱን ቁልፍ ያዘ፣ ዕዳውን ተሸከመ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ የአባቱን ወንበር ወረሰ። ይሁን። ታናሽ እህቱ በአባቷ ቤት ሳለች በስሟ ያገኘችውን የትምህርት ቤት ሽልማት ግን የእኔ ነው ማለት ይችላል? ሽልማቱን የሰጠው ትምህርት ቤትም ተዘግቷል፤ ማስረጃው ላይ ስም የሚቀይር ርእሰ መምህር የለም። የክለብ ድል የክለቡ ነው፤ የተገኘበትም ውድድር በቀድሞ ስሙ ይመዘገባል።

ስለዚህ ዋንጫ ሲነሣ የ1939ኙ ታሪክ አይቀርም። ስፓርታክ ሞስኮ በግማሽ ፍጻሜው ዲናሞ ትብሊሲን 1 ለ 0 ጥሎ አለፈ፤ በፍጻሜውም ስታሊኔትስ ሌኒንግራድን 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ፍጻሜው ይደገም ተባለ! ባለ ዋንጫው ክለብ ወደ ኋላ ተመልሶ ተጫወተ፣ 3 ለ 2 አሸነፈ፣ ፍጻሜው ግን አልተደገመም። ከትእዛዙ ጀርባ ጆርጂያዊው የደኅንነት ሹም ላቭሬንቲ ቤሪያ ነበር ይባላል። ይህን ትረካ በሰፊው ያሰራጨው የስፓርታኩ መሥራች ኒኮላይ ስታሮስቲን ነው፤ ስታሮስቲን ደግሞ በ1942 የታሰረ ባለጉዳይ ነው። የባለጉዳይ ትውስታ ጥሩ ምንጭ ነው፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

ግራ መጋባቱ የመጣው ከመጨረሻው ውድድር ይመስለኛል። አገሪቱ በታኅሣሥ 1991 ፈረሰች፤ የተጀመረው ውድድር ግን ቀጠለ። የታጂኪስታኑ ፓሚር ዱሻንቤ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ግንቦት 10 ቀን 1992 በሞስኮው ሉዥኒኪ ስታዲየም ስፓርታክ በቭላዲሚር ቤስቻስትኒክ ሁለት ጎሎች ሲኤስካ ሞስኮን 2 ለ 0 አሸንፎ፣ በሌለ አገር ዋንጫ በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ውድድር ሩሲያን ወክሎ ተሰለፈ፤ ሊቨርፑልንም ከዚያ አሰናበተ። በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ለተንታኙ ግማሽ ይቅርታ አደርጋለሁ።

የሩሲያ ዋንጫ የሚባለው ከዚያ በኋላ የተጀመረው ነው፤ የመጀመሪያውን በ1993 ቶርፔዶ ሞስኮ ሲኤስካን በፍጹም ቅጣት ምት ረትቶ ወሰደው። ዩክሬን ደግሞ ከሉዥኒኪው ፍጻሜ ሦስት ሳምንት በኋላ የራሷን ዋንጫ ለቾርኖሞሬትስ ኦዴሳ ሸልማ ነበር። የዲናሞ ኪየቭን የአገር ውስጥ ዋንጫዎች መደመር የሚፈልግ ሰው ዘጠኙ ላይ የሚደምረው ይህን የዩክሬኑን ነው።