ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጣልን?

ይቺን አባባል አብዛኞቻችን የምንጠራት በኩራት ነው። ሰው የትም ቢሄድ ማንነቱን አይጥልም ለማለት። አንዳንዴ ደግሞ የማይታረም ሰው ስናማ፣ አመል አይለቅም ለማለት።

የመጣችው ከትንቢተ ኤርምያስ፣ ምዕራፍ 13 ቁጥር 23 ነው። ጥያቄዋ ብቻዋን አልቆመችም፤ ይህ ከተቻለ ክፋት የለመዳችሁ እናንተም በጎ ማድረግ ትችላላችሁ የሚል ይከተላታል። ነቢዩ የሚወቅሰው የገዛ ወገኖቹን፣ የይሁዳን ሰዎች ነው። ክፋታችሁ እንደ ቆዳ ተጣብቆባችኋል ነው የሚላቸው። ኢትዮጵያዊውን አልሰደበም፣ አላሞገሰም። ስለዚህ ወደ መነሻው የሚቀርበው የሐሜቱ አጠቃቀም ነው፤ ኩራቱን የጨመርነው እኛ ነን (ብንጨምርም አልከፋኝም)።

እዚያው መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 38 ላይ፣ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ አለ። በንጉሥ ሴዴቅያስ ቤት የሚያገለግል የሌላ አገር ሰው። መኳንንቱ ኤርምያስን ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ሲጥሉት ንጉሡ ፊት ሄዶ የተከራከረለት፣ ገመዱ እንዳይልጠው ብብቱ ስር አሮጌ ጨርቅ አድርግ ብሎ ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው። መልኩ ያው ነው። የአገሬው መኳንንት ያጡትን በጎነት ግን እሱ ጋ እናገኛለን።

ዛሬ ብዙ ዘርና ባህል አብሮ በሚኖርበት አገር የማንነት ክርክሩ ሲጦፍ አባባሏን ሁለቱም ወገን ይወዳታል። አንዱ «እነሱ መቼም እኛን አይሆኑም» ይልባታል፣ ሌላው «አንለወጥም» ይልባታል። ሁለቱም መልክና ባህልን አንድ ላይ ያስራሉ። ባህል እኮ ይለወጣል፤ ቋንቋ ይለመዳል፣ አለባበስ ይቀየራል፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ይለያሉ። የማይለወጠው መልክ ነው፣ አባባሏም ያነሳችው እሱን ብቻ ነው።

መልክና ባህል ሲምታቱ የሚመጣውን ለማየት የታካኦ ኦዛዋን ጉዳይ ማየት ይበቃል። ጃፓን ተወልዶ አሜሪካ 20 ዓመት ከኖረ በኋላ ዜግነት ጠየቀ፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተምሯል፣ ቤቱ ውስጥ የሚነገረው እንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹ አሜሪካን ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ በቃ ምሰለን የተባለውን ሁሉ አድርጓል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1922 በጠባይም በትምህርትም ብቁ መሆኑን አልካደም። ግን ነጭ ማለት ሊቃውንት ካውካሳዊ የሚሉት ዘር ነው፣ አንተ ከዚያ አይደለህም ብሎ ከለከለው። ከ1790 ጀምሮ ሕጉ ዜግነትን ለነጻ ነጮች ነበር የሚፈቅደው፣ በ1870 ለአፍሪካ ተወላጆች ተጨመረ፤ የዘር ገደቡ የተነሳው በ1952 ነው።

በ1923 ደግሞ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለው ሕንዳዊው ባጋት ሲንግ ቲንድ መጣ። ሊቃውንት ከአውሮፓውያን ጋር በአንድ ዘር ይመድቡናል ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ፣ ተራው ሰው ነጭ የሚለው አንተን አይደለም አለው። ለኦዛዋ አንድ ምክንያት፣ ለቲንድ ሌላ፣ ውጤቱ ግን ያው።

ፕሪቪሌጅ (ሰው ሳይደክምበት የሚያገኘው ብልጫ) የሚሉት ነገር ለኔ ከዚህ ላይ ነው ግልጽ የሚሆነው። በዚያው ዘመን ከአውሮፓ የሄደ ነጭ ቤቱ ውስጥ በአገሩ ቋንቋ እያወራ ዜጋ መሆን ይችል ነበር። «እኔ መቼ ተመቻችቶልኝ ኖርኩ፣ ድሃ ነበርኩ» ብሎ የሚቆጣ ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ድህነቱን የካደበት የለም። የተባለው፣ መልኩ ማመልከቻው ላይ እንቅፋት አልሆነበትም ነው።