«ለበጎ ሥራ ነው» ብቻውን ፈቃድ አይሆንም

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ወጣቶች ተሰባስበው ለታካሚ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለአቅመ ደካማ ቤት ጥገና ገንዘብ ሲያሰባስቡ ማየት የተለመደ ነው። ልጆቹ ጉልበታቸውን አይሰስቱም። ደንቡን ባለማወቃቸው ስማቸው በክፉ ሲነሳ ግን ያንገበግባል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ልመልስ።

«ለበጎ ሥራ ስለሆነ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም»

ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለበጎ ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ስለሚሰበስቡ ኮሚቴዎች ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ኮሚቴው ፈቃድ እንዲኖረው፣ አባላቱና ዓላማው እንዲታወቁ ይፈልጋል። ስለዚህ ሳጥን ይዞ ከመውጣት በፊት ቀበሌና ወረዳ ይኬዳል፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይያዛል።

ደብዳቤው ለፖሊስ ብቻ አይደለም። መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል አንድ ልጅ ይገባል። የታካሚ ፎቶና የሐኪም ወረቀት በአንገቱ አንጠልጥሏል። ተሳፋሪው እጁን ወደ ኪሱ ይሰድና «እውነት ይሆን?» ብሎ ባዶውን ይመልሰዋል። አጭበርባሪም ያንኑ ወረቀት ኮፒ አድርጎ ይዞራልና በተሳፋሪው አይፈረድም። ለምን ያህል ጊዜ፣ ለማን፣ በእነማን እንደሚሰበሰብ የሚናገር ደብዳቤ ግን ያን ጥርጣሬ ያቀልላል።

«ማኅበር ለመመዝገብ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው»

አይደለም። የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የሚመለከተው በዋናነት ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ የውጭ ድርጅቶችን እንዲሁም አዲስ አበባና ድሬዳዋ የተቋቋሙትን ነው። ጎጃም ውስጥ ብቻ የሚሠራ ማኅበር ጉዳዩ ከክልሉ ጋር ነው። ከወረዳችሁ ጀምራችሁ ጠይቁ።

«ዕድርና ሰንበት ትምህርት ቤት ሕግ አይነካቸውም»

ግማሹ እውነት ነው። አዋጁ የሃይማኖት ተቋማትን፣ ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም። ያ ማለት ግን የሰንበት ተማሪዎች በራሳቸው ደረሰኝ ከምእመናን ይሰብስቡ ማለት አይደለም። የደብሩ ገንዘብ በሰበካ ጉባኤ በኩል ያልፋል። ከሰበካ ጉባኤው ጋር ሳይመክሩ መጀመር መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው።

«ከውጭ አገር ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው»

ይህ ወሬ የቀድሞው አዋጅ 621/2001 ትዝታ ነው። ያኔ «የኢትዮጵያ» ተብለው የተመዘገቡ ድርጅቶች ከውጭ ማግኘት የሚችሉት ከገቢያቸው 10 በመቶ ያልበለጠ ነበር። ያ ገደብ ቀርቷል።

«20 በመቶው የአስተባባሪዎቹ ድርሻ ነው»

ይህን ስሰማ እናደዳለሁ። አዋጅ 1113/2011 20 በመቶ የሚለው የአስተዳደር ወጪ ከዚያ እንዳይበልጥ ነው። ጣሪያ እንጂ ድርሻ አይደለም። በ3 በመቶ ከተሠራ እሰየው! ሜዳ ለሜዳ ለዋለ ልጅ የታክሲና የምሳ መክፈል ነውር አይደለም፤ ግን ይመዝገብ።

«ቶምቦላ ጨዋታ ነው»

ትኬት ተሽጦ በዕጣ የሚሸለምበት ነገር ሁሉ ሎተሪ ነው። ፈቃዱ ሎተሪን ከሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የሚገኘው። በግ ለማውጣትም ቢሆን።

«ብሩን በአንዱ ልጅ ሒሳብ ብናስገባው ምን አለበት?»

ብዙ አለበት። ባንኩ የሚያውቀው የሒሳቡን ባለቤት ነው። ልጁ ቢታመም፣ ቢሞት፣ ወይም አገር ጥሎ ቢሄድ ገንዘቡ ከእጃችሁ ይወጣል። ቴሌብርም ያው ነው፤ ስልኩ የማን ነው? ቢያንስ በሁለት ወይም በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ክፈቱ።

ሳጥኑም እንደዚያው ነው። ማታ ሲከፈት ቢያንስ ሦስት ሰው ይቀመጥ። መጀመሪያ ሳጥኑ የታሸገበት ፕላስተር እንዳልተነካ ይታይ። ብሩ በዓይነቱ ተለይቶ ይቆጠር፣ ድምሩ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ ሦስቱም ይፈርሙ። ሳንቲሙ ሳይቀር! በማግሥቱ ባንክ ይግባና የገባበት ወረቀት ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ።

«ታካሚው ከዳነ የተረፈው የእኛ ነው»

ሕዝቡ የሰጠው ለዚያ ሰው ሕክምና ነው። ብር ሊተርፍ ይችላል፤ ታካሚው ሊያርፍም ይችላል። ያን ቀን መጨቃጨቅ ለቤተሰቡም ሌላ ሐዘን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ «ከተረፈ ለዚህ ይውላል» ተብሎ ይጻፍ፤ ፈቃድ ስትጠይቁም ከማመልከቻው ጋር አያይዙት።