ያለ ሕግ ባለሙያ የሚጻፍ ኑዛዜ

በኢትዮጵያ ሕግ ኑዛዜ ለመጻፍ ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜን በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግና በቃል የሚደረግ ብሎ በሦስት ይከፍለዋል፤ ለእያንዳንዱም የራሱን ሥርዓት ይደነግጋል። መናዘዝ የሚለው ቃል ለንስሓም ለውርስም የሚያገለግል በመሆኑ ብዙ ሰው ኑዛዜን የኅሊና ጉዳይ ብቻ አድርጎ ቢያየው አያስገርምም፤ ክርክር ሲነሣ ግን በቅድሚያ የሚመረመረው ሥርዓቱ መሟላቱ ነው።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑ በኑዛዜው ላይ መስፈር፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም ወይም የጣት አሻራ ማኖር አለባቸው። በቤት የሚጻፍ ኑዛዜ በቀላሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ የነፍስ አባትና ጎረቤት ተሰብስበው ጽሑፉ በእርግጥ ተነቦ ሳለ፣ መነበቡን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር በመዘንጋቱ ወይም ምስክሮቹ ሦስት ብቻ በመሆናቸው የሟች ቃል ፈራሽ ሊሆን ይችላል። ሁለት ምስክር የሚበቃው ከሁለቱ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ፣ ማለትም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው፣ ሲሆን ነው፤ ብዙዎች ወደ ውልና ማስረጃ መሄድን የሚመርጡትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በእጁ የጻፈው ምስክር አይሻም፤ ሆኖም ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ ቀንና ፊርማም መያዝ አለበት። ከተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ለአዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በአደራ ካልተሰጠም ዋጋ ያጣል፤ በሳጥን ተቆልፎ የኖረ ወረቀት ብዙ ተስፋ የሚጣልበት ቢሆንም ይህን ጊዜ አይሻገርም። የቃል ኑዛዜ ደግሞ በጠባብ ጉዳዮች ብቻ የተወሰነ ሲሆን፣ ተናዛዡ ከተናዘዘ በኋላ ከ3 ወር በላይ በሕይወት ከቆየ ዋጋ ያጣል።

የይዘት ስሕተትም አለ። ባልና ሚስት በፍቅር ተስማምተው በአንድ ወረቀት ቢናዘዙ ሕጉ አይቀበለውም። ልጅን ከውርስ ለመንቀል ስሙን አለመጥቀስ አይበቃም፤ ነቀላው በግልጽ ተጽፎ በቂ ምክንያቱ እዚያው መስፈር አለበት። ከጋብቻ የጋራ ሀብትም መናዘዝ የሚቻለው በራስ ድርሻ ላይ ብቻ ነው።

ኑዛዜው ሲፈርስ ውርሱ ያለ ኑዛዜ እንደሚተላለፍ ተቆጥሮ በቅድሚያ ለልጆች እኩል ይከፋፈላል። የትዳር ጓደኛ በሕጉ ወራሽ ስላልሆነ፣ ሟች ከግል ሀብቱ ለሚስቱ የተወው ቤት ለእርስዋ አይደርስም፤ እስከ መጨረሻው ያስታመመችው የሩቅ ዘመድም ባዶ እጅዋን ትቀራለች።