የቻይናው «ረጅሙ ጉዞ» ምንድን ነው?

«ማኦ ሕዝቡን አስከትሎ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጉዞ ቤጂንግ ገባ፤ ሥልጣን የሚፈልግ እንዲህ ይታገሣል» ይላል አንዱ ተንታኝ። ስንተኛው ሰው እንደሆነ እንጃ። ማኦ በኋላ ቻይናን የገዛው ኮሚኒስት ነው፤ ቺያንግ ካይሼክ ደግሞ ያኔ አገሪቱን ይመራ የነበረው የብሔርተኞቹ አለቃ፣ የኮሚኒስቶቹ ጠላት። ይኼን ካልኩ በቀጥታ ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ረጅሙ ጉዞ ሽሽት ነበር። ወደ ዋና ከተማ የተደረገ የድል ጉዞ አይደለም። የማኦ ጦር ጉዞውን የጨረሰው በ1935 ነው፤ ቤጂንግ የገቡት ደግሞ በ1949። በመሃል 13 ዓመት አለ፣ ያውም ጃፓን አገሪቱን የወረረችበት 13 ዓመት።

ኮሚኒስቶቹ በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ በጂያንግሺ፣ የራሳቸው ትንሽ መንግሥት ነበራቸው። ቺያንግ አራት ጊዜ ዘምቶባቸው አልቀናውም። በአምስተኛው ግን ዘዴ ቀየረ። ጀርመኖች ያማክሩት ነበር። ዘው ብሎ መግባቱን ትቶ ምሽግ በምሽግ እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ፣ ጨው እንኳ እንዳይገባ እየከለከለ ቀስ እያለ አጠበባቸው። የሚገርመው ኮሚኒስቶቹም ኦቶ ብራውን የሚባል ጀርመናዊ አማካሪ ነበራቸውና እሱ ደግሞ ምሽጉን ፊት ለፊት እንግጠም ባይ ነበር። ተሸነፉ። በጥቅምት 1934 ወደ 86 ሺህ የሚጠጋ ሰው በሌሊት ሹልክ ብሎ ወጣ። ማኦ ያን ጊዜ የፓርቲው አለቃ አልነበረም፤ ገሸሽ ተደርጎ፣ ወባም ይዞት ነው የከረመው።

ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው አስቡት። በድንጋጤ ቡፌውን ተሸክሞ ይወጣል። እነሱም ማተሚያ ማሽን፣ የራጅ መሣሪያ፣ የመዝገብ ሣጥን ሳይቀር አሸክመው ነው የወጡት። ሺያንግ ወንዝ ላይ ይኼ ጓዝ አስፈጃቸው፤ ከዚያ በኋላ የቀሩት ከግማሽ በታች ናቸው። (ሁሉም ሞቱ ማለት አይደለም። አዲስ ምልምሉ ገበሬ ብዙው ጠፍቶ ወደ ቤቱ ሄዷል። መንገድ ላይ የተቀላቀለም አለ፤ ስለዚህ «ከ86 ሺህ 8 ሺህ ተረፈ» የሚባለው ቀላል የመቀነስ ሒሳብ አያስኬድም።) ሰውዬው ቡፌውን የጣለው እንግዲህ ግማሹ ቤተሰብ ካለቀ በኋላ ነው። በምዕራብ ሁናን ያለ ዘመዱ ጋ (ሌላ የኮሚኒስት ጦር ማለቴ ነው) ሊጠጋ ነበር ሐሳቡ፤ በሩ ላይ ጠላት ቆሞ ጠበቀው። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚያድር ራሱም አያውቅም። ከዓመታት በኋላ ፎቅ ሠራ፤ ልጆቹም «አባታችን የፎቁን መሠረት የጣለው ቤቱ የተቃጠለ ዕለት ነው» እያሉ ያወራሉ። ተንታኛችን የሚደግመው የልጆቹን ወሬ ነው።

የት እንደሚሄዱ አያውቁም ነበር ስል አላጋነንኩም። ሰሜን ሻአንሺ ውስጥ የጓዶች ይዞታ እንዳለ ያረጋገጡት በመስከረም 1935፣ ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ ሃዳፑ የምትባል ከተማ ውስጥ ጋዜጣ አግኝተው ነው። ጋዜጣው ደግሞ የእነሱ አልነበረም።

«የታገሠ፣ ብዙ የተጓዘ ያሸንፋል» ለሚለው ደግሞ የሌላውን የኮሚኒስት መሪ፣ የጃንግ ጉዎታኦን ጦር ላስታውሰው። «ረጅሙ ጉዞ» ስንል ብዙ ጊዜ የማኦን ጦር ብቻ ነው የምናስበው እንጂ የተጓዙት በርካታ ጦሮች ናቸው። ጃንግ በ1935 ክረምት ከማኦ ጋር ሲገናኝ ብዙ እጥፍ ሠራዊት ነበረው። ተጣሉ፣ ተለያዩ። የጃንግ ሰዎች መንገዱ ላይ ያለውን ሰው የሚውጥ ረግረግ ሜዳ እየተመላለሱ አቋርጠዋል። በመጨረሻ ወደ 20 ሺህ የሚሆኑት ቢጫ ወንዝን ተሻግረው ጋንሱ ውስጥ የአካባቢው የጦር አበጋዞች በሆኑት በማ ቤተሰብ ፈረሰኞች አለቁ። ጃንግ ራሱ በ1938 ወደ ቺያንግ ከዳ። መከራው ከማኦ ጦር ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ምን አተረፈለት?

ጉዞው ምንም አልጠቀመም እያልኩ አይደለም። ለማኦ ጠቅሞታል። በጥር 1935 ዙንዪ ላይ በተደረገው ስብሰባ የሽንፈቱ ጥፋት በኦቶ ብራውንና በጊዜው የፓርቲው መሪ በነበረው በቦ ጉ ላይ ተላከከ፣ ማኦም ወደ ላይኛው አመራር ገባ (የፓርቲው ዋና ሹመት ግን የእሱ አልሆነም፤ ይኼንንም ብዙ ሰው ይዘነጋል)። ከዚያ ዓመቱ ሳያልቅ ሽሽቱን ማኒፌስቶ ነው፣ ዘር የሚዘራ መሣሪያ ነው ብሎ ሰበከው። በተከታዩ ዓመት አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ኤድጋር ስኖው መጣና ታሪኩን ለዓለም አዳረሰው። እኛ የታሪክ ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች እዚህ ላይ ጥርስ እናፋጫለን፤ ምክንያቱም አብዛኛው የምስክር ቃል ከተረፉትና በኋላ ሚኒስትርና ጄኔራል ከሆኑት የመጣ ነው። 12 ሺህ ኪሎ ሜትሩም ያከራክራል። በዚህ ምዕት ዓመት መጀመሪያ መንገዱን ተከትለው የተጓዙ ሁለት እንግሊዛውያን ከዚያ ግማሽ ገደማ ነው ብለዋል።

ሥልጣኑስ ከየት መጣ? ከጃፓን ጦርነትና ከእሱ በኋላ ከመጣው የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ቺያንግ ምርጥ ጦሩን ጃፓን ላይ ጨረሰ፣ ገንዘቡ ዋጋ አጣ። ኮሚኒስቶቹ ገጠር ውስጥ ሥር ሰደዱ፣ መሬት አከፋፈሉ፣ ማንቹሪያ ውስጥ የጃፓን መሣሪያ እጃቸው ገባ። በ1945 ፓርቲው 1.2 ሚሊዮን ያህል አባል ነበረው፤ ከነዚህ ውስጥ ያንን ረግረግ በዓይኑ ያየው እፍኝ የማይሞላ ነው። ቤጂንግም በጉዞ አልተያዘችም። በ1948 መጨረሻ ተከበበች፣ ከዚያ የከተማዋ አዛዥ ጄኔራል ፉ ዙዎዪ ተደራድሮ በጥር 1949 አስረከባት። እሱንም አልገደሉትም፤ የማኦ መንግሥት የውኃ ሚኒስትር አደረጉት።