በባቱሚ ኮረብቶች የሚካሄደው የአዳኝ አእዋፍ ቆጠራ

ባቱሚ በጆርጂያ ደቡብ ምዕራብ፣ ለቱርክ ድንበር በሚቀርብ የጥቁር ባሕር ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ከእርሷ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባሉት ሳኻልቫሾና ሹአምታ በተባሉ የኮረብታ መንደሮች፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ደቡብ የሚሰደዱ አዳኝ አእዋፍ በየዓመቱ ይቆጠራሉ። ከአውሮፓ የተሰባሰቡ ወጣት ወፍ ተመልካቾች የጀመሩት ይህ ሥራ ባቱሚ ራፕተር ካውንት ተብሎ ይታወቃል፤ በብዙ ዓመታትም በአንድ ወቅት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወፎች ተመዝግበውበታል።

ይህን ያህል ወፍ በአንድ ሰማይ የሚያልፈው ቦታው ጠባብ በር ስለሆነ ነው። ንስርና ጭልፊትን የመሳሰሉ ሰፊ ክንፍ ያላቸው ወፎች ረጅም መንገድ የሚጓዙት ፀሐይ ካሞቀው መሬት በሚነሣ አየር ላይ እየተንሳፈፉ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው አየር ከባሕር ላይ እምብዛም ስለማይነሣ ጥቁር ባሕርን በዳር ይዞሩታል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የታናሹ ካውካሰስ ተራሮች አሉ፤ ተራሮቹ በደመናና በዝናብ ሲሸፈኑ መንጋው በባሕሩና በተራራው መካከል ባለችው ቀጭን መተላለፊያ ይጨናነቃል። ስለዚህ ቆጣሪዎች ማለዳ መጀመሪያ የሚያዩት ወፍ ሳይሆን የተራራውን ደመና ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ቆጠራው ከነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ጥቅምት መጀመሪያ በየቀኑ ይካሄዳል። ቀድሞ የሚበዛው የተርብ ጎጆ እየቆፈረ እጩን የሚበላው ሃኒ ባዛርድ የተባለው ወፍ ሲሆን፣ ጎርፉ የሚመጣው በነሐሴ መጨረሻ፣ በእኛ አገር ለዘመን መለወጫ ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን ነው። በመስከረም ጥቁር ጭልፊትና የስቴፕ ባዛርድ ይከተላሉ።

ሁለቱ ጣቢያዎች ከወፎቹ መንገድ ጋር በሚያቋርጥ መስመር ላይ የቆሙ ስለሆኑ፣ አንዱ መንጋ በሁለቱም እንዳይቆጠር መጠንቀቅ ግድ ነው። መንጋው ሞቃት አየር ውስጥ ገብቶ እየተሽከረከረ ሲወጣ መቁጠር ከንቱ ድካም ነው፤ ወፎቹ እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ። ልምድ ያለው ቆጣሪ ከፍታቸውን ጨርሰው እንደ ክር ተሰልፈው መንሸራተት እስኪጀምሩ ይጠብቃል፣ ከዚያም አንድን የኮረብታ ጫፍ ምልክት አድርጎ፣ ያቺን መስመር ባለፉ ቁጥር በአውራ ጣቱ ትንሿን መቁጠሪያ ይጫናል። በርቀት ወይም በጭጋግ ምክንያት ዓይነቱ ያልታወቀው ወፍ በግምት አይሰየምም፤ «ያልተለየ» ተብሎ ይመዘገባል። በእኔ እምነት የመዝገቡን ተዓማኒነት የሚያስጠብቀው ይህ ትሕትና ነው።

አካባቢው የአደን ባህልም አለው። ባዚየሪ የሚባሉት አዳኞች ትንሽ ጭልፊት አጥምደው ያለማምዱና ድርጭት ያድኑበታል፤ ከዚህ ውጭ በሚያልፉ ወፎች ላይ ጠመንጃ የሚተኩሱም አሉ። ቆጣሪዎች በመንደሩ ቤተሰቦች ዘንድ እየተከራዩ መኖራቸው፣ ወፉ በሕይወት ሲያልፍም ገቢ እንደሚያስገኝ ለነዋሪው በተግባር አሳይቷል።

ከባቱሚ ያለፉት ወፎች በቱርክና በሶርያ በኩል ወርደው አብዛኞቹ ወደ አፍሪካ ይገባሉ። ወደ ኢትዮጵያ የሚያስገባው ሌላው ታላቅ በር ባብ ኤል መንደብ ሲሆን፣ በ1987 እ.ኤ.አ. መጸው በጅቡቲ በተደረገ ቆጠራ ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ አእዋፍ ባሕሩን ሲሻገሩ ታይተዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የስቴፕ ንስሮች ነበሩ።