«የድሮ ብረት አይበገርም»፦ ስለ አሮጌ መኪናና ቀበቶ መስማት የሰለቹኝ ስህተቶች

ሥራዬ አሮጌ መኪና መጠገን ነው። በብዛት የሚመጣልኝ ቮልስ ነው፤ አልፎ አልፎ ላዳና ፊያት 600ም አለ። ባለቤቶቹ መኪናቸውን ከልባቸው የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ስለ ቀለም፣ ስለ ካርቡሬተር፣ ስለ ወንበር ልብስ ስናወራ ቀኑ ይመሻል። የደህንነት ቀበቶ ሳነሳ ግን ፊታቸው ይቀየራል። «እሱን እንኳ ተወው» ይሉኛል። ምክንያታቸውም ሁሌ ያው ነው። እስቲ አንድ በአንድ ልመልስ።

«የድሮ ብረት ነው፣ አይበገርም»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፍበት።

አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ደንበኛ አሉኝ። ቮልሳቸው የ1960ዎቹ ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ አያያዟ ያስቀናል። «ጋሼ፣ ቀበቶ እናስገባላት» አልኳቸው። ፓራፋንጎውን በእጃቸው ኳ ኳ አደረጉት። «ሰማኸው ልጄ? ይሄ እንደ ዛሬው ፕላስቲክ መሰለህ?» አሉኝ። ላሜራው ወፍራም መሆኑን አልክድም። የሳቸውን ደረት ግን በምን በኩል ነው የሚያድነው?

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ከግንብ ጋር ብትጋጩ መኪናው ይቆማል። እናንተ ግን ገና በ50 እየሄዳችሁ ነው። የሚያስቆማችሁ ወይ ቀበቶ ነው፣ ወይ መሪው ነው፣ ወይ የፊት መስታወቱ። ይህ ፍጥነት ወደ 10 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ገደማ፣ ወድቆ መሬት ከመምታት ጋር እኩል ነው። «መሪውን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ» የሚሉኝ አሉ። ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀን ሰው በክንዱ የሚያቆም ጉልበተኛ እስካሁን አላየሁም።

የአሁን መኪና አፍንጫው ቶሎ የሚጨማደደው ታስቦበት ነው። ቤላ ባሬኒ የሚባል የመርሴዲስ መሐንዲስ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1951 የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። በ1959 ደግሞ መርሴዲስ በሐሳቡ የተሠራ መኪና አወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፊቱና ኋላው እየተጨማደደ የግጭቱን ኃይል ይቀበላል፤ ሰው የተቀመጠበት መሐሉ ግን ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል። የድሮው መኪና እንዲህ ተከፋፍሎ አልተሠራም። አፍንጫው እንቢ ሲል ኃይሉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሰውየው ነው የሚሄደው።

ይህ የኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካው የሀይዌይ ደህንነት ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በ2009 እ.ኤ.አ.፣ ሁለት ሼቭሮሌዎችን ፊት ለፊት አጋጭቶ ነበር። አንዱ የ1959 ቤል ኤር ነው፤ ግዙፍ፣ ብረቱ የሚያስፈራ። ሌላው የ2009 ማሊቡ። ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር የሚሄዱት። የቤል ኤሩ ውስጥ ተደረመሰ። መሪውና ዳሽቦርዱ በሹፌሩ ቦታ በተቀመጠው አሻንጉሊት ላይ መጡበት። ሰው ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር። የማሊቡው ሹፌር ጉዳቱ እግሩ ላይ ብቻ በሆነ። ቪዲዮውን ለደንበኞቼ በስልኬ አሳያቸዋለሁ። ጋሼም አዩት። ዝም ብለው ደግመው አዩትና «በል ግጠምላት» አሉኝ።

አሁን ወደ ቮልሷ እንምጣ። ኮፈኑን ስትከፍቱት ሞተር የለም፤ ያለው ትርፍ ጎማና የነዳጅ ታንክ ነው። ታንኩ የሚገኘው ከእግራችሁ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው። ከ1968 ሞዴል በፊት የነበሩት ላይ የመሪው ዘንግ ቀጥ ያለ ብረት ነው፤ በግጭት ጊዜ የሚታጠፍ ነገር የለውም፤ ጫፉ ወደ ደረታችሁ ያነጣጠረ ነው። ዳሽቦርዱ ቀለም የተቀባ ላሜራ ነው። ኤርባግ የለም። የራስ መደገፊያም ብዙዎቹ ላይ የለም። እንዲህ ባለ መኪና ውስጥ ሰውነታችሁን ወደ ኋላ የሚይዝላችሁ ነገር ቀበቶ ብቻ ነው። «አሮጌ ስለሆነ አያስፈልገውም» የሚሉት ነገር ፍጹም የተገለበጠ ነው።

ቀበቶ ገጠማችሁ ማለት ደግሞ ቮልሷ የዘንድሮ መኪና ሆነች ማለት አይደለም። የመሪው ዘንግ አሁንም እዚያው ነው። ስለዚህ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ከአዲሶቹ ጋር አትፎካከሩ። ከእንጦጦ ስትወርዱም በማርሽ ያዟት።

«ቀበቶ ሳይኖረው የተሠራ መኪና ሕግ አይመለከተውም»

ይሄ ግማሹ እውነት ነው። ጉዳት የሚያመጣው ሌላው ግማሹ ነው።

ዛሬ ሁላችንም የምናስረውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የሠራው ኒልስ ቦሊን የተባለ የቮልቮ መሐንዲስ ነው፤ በ1959 እ.ኤ.አ.። ከዚያ በፊት የተዋጊ አውሮፕላን ተስፈንጣሪ ወንበር ላይ ይሠራ ነበር። ቮልቮ የፈጠራ መብቱን ለሌሎች ክፍት አደረገው። እንዲያም ሆኖ መንግሥታት ለመነቃቃት ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። አሜሪካ አዳዲስ መኪኖች ቀበቶ እንዲኖራቸው ያስገደደችው ከጥር 1 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ማሰርን በሕግ ግዴታ በማድረግ ቀዳሚዋ የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ናት፤ 1970። እንግሊዝ የፊት ወንበር ተቀማጮችን ያስገደደችው በ1983 ነው።

ስለዚህ ቀበቶ ግዴታ ከመሆኑ በፊት የተሠራ መኪና ቀበቶ ባይኖረው በብዙ አገር ባለቤቱ አይከሰስም። ለንደን ያላችሁ ግን ልብ በሉ፦ መኪናው ሲሠራ ቀበቶ ካልነበረው ከ3 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ጨርሶ አይጫንበትም። ከ3 ዓመት በላይ ያለው ልጅም ከኋላ ብቻ ነው የሚቀመጠው። የተቀመጣችሁበት ወንበር ላይ ቀበቶ ከተገጠመ ደግሞ ማሰር ግዴታ ነው፤ «መኪናዬ ክላሲክ ነው» የሚባል ሰበብ አይሠራም። አሜሪካ ያላችሁ የየስቴታችሁን ሕግ እዩ፤ ይለያያል። ኒው ሃምፕሸር አዋቂን እንኳ አያስገድድም። እኛ አገር አሽከርካሪ ቀበቶ ማሰር ግዴታው ነው፤ ሳያስር የተገኘ ይቀጣል።

ሕጉ አላስገደደኝም ማለትና አልሞትም ማለት ግን አይገናኙም። ሰው ይህን ሲያምታታ ትዕግሥቴ ያልቃል።

«ትራፊክ ሲመጣ ደረቴ ላይ ጣል አደርገዋለሁ»

ትራፊኩ አይገጫችሁም።

«ቀበቶ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ ማሰር ነው፣ ምን ሥራ አለው?»

ሥራውማ አለው። እንዲያውም ሙሉ ሥራው እዚህ ነው።

አንድ ወጣት ሌላ ቦታ ቀበቶ ያስገጠመላትን ቮልስ ለፍሬን ሥራ አመጣልኝ። ቀበቶው አዲስ ነው፣ ቀዩ ያምራል። ምንጣፉን ገልጬ ሳይ ቡሎኑ የተበሳው ወለሉ ላይ ነው። ከሥሩ ሳንቲም የምታክል ሮንዴላ አለች። ዙሪያው በዝገት ተበልቷል፤ ላዩ ስቱኮ ተለቅልቆ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ቀበቶውን በሁለት እጄ ይዤ ሳብ አደረግኩት። ላሜራው ከነቡሎኑ ወደ ላይ ተነሳ፤ በስንጥቁ በኩል የጋራዡ ወለል ታየ። ልጁ ፊቱ ነጣ። በዚያ ቀበቶ ነበር እጮኛውን ይዞ ሐዋሳ ደርሶ የተመለሰው።

አስቡት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጋጭ ቀበቶውና ቡሎኖቹ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከአንድ ቶን ክብደት በላይ ነው። በሁለት እጅ ሲሳብ የተነሳ ላሜራ ያንን አይሸከምም።

ቮልስ ላይ ዝገቱ የት እንደሚጀምር ልንገራችሁ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። አሲዱ ሲንጠባጠብ ወለሉን ይበላል። ሁለተኛው ከበሩ ሥር ያለው የሙቀት አየር መተላለፊያ ቱቦ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ይይዛል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ስትነኩት ይበሳል። የቀበቶው ታችኛ ቡሎን ደግሞ በዚያው አካባቢ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ቀበቶ ከመግዛታችሁ በፊት ወለሉን አስመርምሩ። የተበላው ተቆርጦ ወጥቶ በአዲስ ላሜራ ይበየድ። ስቱኮ ብረት አይደለም።

ከ1960ዎቹ ወዲህ ብዙዎቹ ቮልሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ለቀበቶ ጥርስ የወጣለት ቀዳዳ አላቸው። በፕላስቲክ ወይም በቀለም ተደፍኖ ስለሚገኝ ሰው አያየውም። ሌላ ከመብሳት በፊት እሱን ፈልጉ። ጥርሱ 7/16 ኢንች ነው፤ በዓለም ላይ የቀበቶ ቡሎን ልክ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ጀርመን የተሠራውም ሳይቀር። 10 ሚሊሜትር ቡሎን ይላላዋል። 12 አይገባለትም። በመዶሻም በጉልበትም የሚያስገቡት አሉ፤ ጥርሱን ይበሉታል፣ ከዚያ በኋላ ቀዳዳው የለም ማለት ነው። ከቀበቶው ጋር የመጣውን ቡሎን ተጠቀሙ። ቀዳዳ የሌለው ከሆነ ከሥሩ መዳፍ የሚያክል ወፍራም ብረት ይበየድና ጥርስ ይውጣለት። ሮንዴላ ብቻ አይበቃም።

ከተፈታ ሚኒባስ የወጣ ቀበቶ አትግዙ። ያ ሚኒባስ ለምን እንደተፈታ አስቡ። አንዴ በግጭት የተወጠረ ቀበቶ ጨርቁ ተስቧል፤ ሁለተኛ አያገለግልም። የአዲሱን ጨርቅ እስከ መጨረሻው ስባችሁ ጠርዙንና ስፌቱን እዩ። በክብ ውስጥ የE ፊደልና ቁጥር ያለበት ምልክት ፈልጉ። በበረኪና አትጠቡት፤ ቀለምም አትንከሩት።

ራሱ የሚጠቀለለው ዓይነት ከሆነ መጠቅለያው የሚገጠምበት ማዕዘን ወሳኝ ነው። ዘንበል ካለ ወይ ጨርሶ አይለቅም፣ ወይ በግጭት ጊዜ አይዝም። የማይጠቀለለው ከሆነ በየሰው ልክ ማጥበቅ አለባችሁ። የታችኛው ጨርቅ የዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ፤ ሆድ ላይ ከወጣ አንጀት ይቀድዳል። የላይኛው ጫፍ ከትከሻ ቁመት በታች እንዳይሆን። የውድድር መኪና ለማስመሰል ባለ አራት ማሰሪያ ገዝተው የትከሻውን ጫፍ ከወንበሩ ኋላ ወለል ላይ የሚያስሩም አሉ። በግጭት ጊዜ ያ ማሰሪያ ትከሻን ወደ ታች ይጫናል፤ የሚጎዳው የጀርባ አጥንት ነው።

ቀበቶ ከማስገባታችሁ ጋር ወንበሩንም እዩ። ቮልስ ላይ ሐዲዱ ሲያረጅ ወንበሩ ከነሰውየው ይወጣል።

«እሳት ቢነሳ አስሮ ያስቀረኛል»

እሳት ወይም ውኃ ውስጥ መግባት የሚያጋጥመው ጉዳት ካደረሱ ግጭቶች ከግማሽ በመቶ ባነሱት ላይ ነው። ያኔም ቢሆን ለመውጣት መጀመሪያ ራስን አለመሳት ያስፈልጋል። ራሱን የመሳት ዕድሉ ያነሰው ያሰረው ነው።

«በመስኮት ተወርውሮ የተረፈ ሰው አውቃለሁ»

ያልተረፉት አይተርኩላችሁም። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው የወገብና የትከሻ ቀበቶ ያሰረ የፊት ወንበር ተሳፋሪ የመሞት ዕድሉ በ45 በመቶ ይቀንሳል።

«ከተማ ውስጥ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው»

እናንተ ቀስ ትላላችሁ። ከፊት የሚመጣው ሲኖትራክ ቀስ ይላል ወይ?

«ከኋላ የተቀመጠ አያስፈልገውም»

የድሮ ቮልስ የፊት ወንበር መደገፊያ ብዙ ጊዜ መቆለፊያ የለውም፤ ወደ ፊት ይታጠፋል። ከኋላ ያላሰረ ሰው በግጭት ጊዜ ያንን ወንበር ከነተቀማጩ መሪው ላይ ይለጥፈዋል። እናንተ አስራችሁ እሱ ካላሰረ ገዳያችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

«ልጁን እቅፍ አድርጌ እይዘዋለሁ»

ይህን የሚሉኝ እናትና አባት ናቸው፤ በፍቅር ነው የሚሉት። ግን 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በ50 ኪሎ ሜትር ግጭት ጊዜ 200 ኪሎ ያህል ሆኖ ነው ከእጃችሁ የሚወጣው። ያቀፈው ሰው ራሱ ካላሰረ ደግሞ ሕፃኑ በእሱና በዳሽቦርዱ መካከል ይጨፈለቃል። አንዱን ቀበቶ ለሁለት ማሰርም ያው ነው፤ የእናትየው ክብደት በጨርቁ ላይ ሕፃኑን ይጫነዋል።

ሠርግ ላይ ቮልስ ሲከራይ ሚዜና ሕፃናት ተደራርበው ሲገቡ፣ ካሜራማኑ በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ ሲቀርጽ አያለሁ። ለዚያ ቀን ሲባል ሕግም ፊዚክስም አይቋረጥም። ሕፃናቱን በሌላ መኪና ላኩ።

ልጅ ያላችሁ ባለ ቮልሶች ከፊቱ በፊት የኋላውን ወንበር አሠሩ። በኋላ የመጡት ሞዴሎች ለኋላ ወንበርም ከፋብሪካ የተዘጋጀ ቀዳዳ አላቸው። ቀበቶው ሲገባ የልጅ ወንበሩን ይዛችሁ ጋራዥ ኑ፤ እዚያው ታስሮ ይሞከር። ከሥሩ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ስትነቀንቁት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚሄድ ከሆነ አልታሰረም። እስኪስተካከል ድረስ ልጁ በዚያ መኪና አይሂድ።